ጋሼ ውቤ የዳሯቸው ነገሥታት

አንዋር መስጊድ አካባቢ ጨርቅ የሚሸጡትን ጋሼ ውቤን የማያውቅ ልብስ ሰፊ ካለ፣ እሱ ገና ጀማሪ ነው! እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ገበር የገዛሁት ከእሳቸው ነው። መደርደሪያዎቻቸው ቁጥር የላቸውም፤ ያላቸው የንጉሥ ስም ነው። «ከማኑኤል ላይ ሦስት ሜትር» ስላቸው መሰላሉን ወጥተው ጥቁሩን ገበር ያወርዱልኛል።

ነገሩን ያመጡት የወጣትነታቸው አሠሪ፣ ግሪኩ ሙሴ ስታቭሮ ናቸው። ዘራቸው ከጥቁር ባሕር ዳር፣ ከትሬቢዞንድ ነው። የመስቀል ጦረኞች ቁስጥንጥንያን በያዙበት ዓመት አሌክስዮስና ዳዊት የሚባሉ ወንድማማቾች እዚያ መንግሥት አቆሙ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመት ቆየ! ሙሴ ጨርቅ እያጠፉ ይህን ሲያወሩ ጋሼ ውቤ በየመደርደሪያው የነገሥታቱን ስም በጠመኔ ይጽፉ ነበር። «አይ ያ ጊዜ! ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ነበር የሚያወሩልኝ» ይላሉ እስከ ዛሬ። ሙሴ አገር ለቀው ሲሄዱ፣ ጋሼ ውቤ የራሳቸውን ሱቅ በእነዚያው ስሞች ከፈቱ።

ዘንድሮ ሱቁ ሊፈርስ ሆነ። የተሰጣቸው ምትክ ሱቅ አዲስ የተሠራ ፎቅ ላይ ነው፤ ከአሥራ ስምንቱ መደርደሪያ የሚይዘው ዘጠኝ ብቻ።

«የኋለኛው ዳዊት ይቅር» አለች ጎረቤታቸው ሰኪና፣ የመጋረጃ ነጋዴዋ። «ከተማዋን ለቱርክ ያስረከበው የመጨረሻው ንጉሥ እሱ አይደል?»

«ቁልፍ ማስረከብ እንዴት እንደሚያንገበግብ የሚያውቀው እሱ ነው። ዳዊት አብሮኝ ይሄዳል!» አሉ ጋሼ ውቤ።

«ታዲያ ማን ይቅር?»

ጋሼ ውቤ መሰላሉ ላይ ቆመው ጨርቁን ይዳብሳሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ወሬ ላስቀይር ብዬ፣ «ጋሼ፣ ሦስተኛው አሌክስዮስ ጠላት ሲበዛበት ምን ነበር ያደረገው?» አልኳቸው።

«እህቶቹንና ሴት ልጆቹን ለጎረቤት ገዢዎች ዳረ፤ ለቱርክመን አሚሮች ሳይቀር። በዝምድና ኖረ።»

ሰኪና እጇን አጨበጨበች። «እኛስ ፎቁም ላይ ጎረቤት አይደለንም? ለእኛ ይዳሯቸው!»

ጋሼ ውቤ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ በኋላማ ማን ይመልሳቸው! ጨርቁ የእሳቸው፣ መደርደሪያው የጎረቤት ሆኖ፣ ቦታ ያጡት ዘጠኙ ነገሥታት ከነስማቸው በየሱቁ ተዳሩ። ንግሥት ኢሪኒ፣ ማለትም የሐሩ ጥቅል፣ ለሰኪና ደረሰች።

«ፀሐይ እንዳታስመቺብኝ» አሉ ጋሼ ውቤ፣ ጥቅሉን በሁለት እጃቸው እያቀበሉ።

«ኧረ አላስመታም፣ አማቴ! ጥሎሽ ግን እንዳይጠይቁኝ!»

ጋሼ ውቤ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ እየሳቁም ከመሰላሉ ወረዱ።