ያልተጣፈው ባና

ቀየት ከተማ ስልኩን ቻርጅ ማስደረግ የፈለገ ሰው ሸዋረጋ ዘንድ ይሄዳል። እኔ ልብስ ሰፊው አስፋው የግድግዳ ጎረቤቷ ነኝ። አጋነንህ የሚለኝ ካለ መጥቶ በሯን ይይ።

ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ ስልክ በየገጠሩ ሲዳረስ፣ ገበሬው በገበያ ቀን ስልኩን በበግ ጠጉር ባና ጠቅልሎ ይመጣ ነበር። የአገራችን የጓሳ ተራራ ብርድ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፤ «ስልኬን ብርድ መታው» ይባላል። ብርድ የመታው ደግሞ በእኛ አገር ባና ይለብሳል። ስለዚህ ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሰካም ከነባናው ነበር።

ሸዋረጋም መጀመሪያ እንደ ሰዉ ታደርግ ነበር። አንድ ቀን የራሷን ስልክ ሰክታ፣ በባናዋ ሸፍና፣ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። ስትመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፤ ቻርጀሩ ቀልጦ ባናው መዳፍ የሚያህል ተቃጥሏል። ልጣፍልሽ ብላት እምቢ አለች። ቀዳዳው ለሁሉ እንዲታይ አድርጋ በሯ ላይ ሰቀለችው።

ከዚያ ወዲህ ስልክ የሚቀመጠው ባዶ ጣውላ ላይ ሆነ። ገመዱ የተላጠ ቻርጀር አትሰካም፤ ስልኩ ተሰክቶ ሳለም ማንንም አታስወራበትም። ሰዉ አጉረመረመ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ሕግሽ ከገዳም ሕግ ይብሳል እያልሁ አሾፍሁባት።

አንድ የገበያ ቀን የደብሩ መሪጌታ ይሥሐቅ እየተቻኮሉ መጡ። ልጃቸው ጽናት አዲስ አበባ ሆስፒታል ምጥ ላይ ናት፤ አማቻቸው እደውላለሁ ብሏል፤ የስልካቸው ባትሪ ግን አልቋል። ሸዋረጋ የተጠቀለለበትን ባና ፈታ ብታየው ባትሪው አብጦ ክዳኑን ገፍቶታል።

«መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ይህን አልሰካም» አለቻቸው።

መሪጌታ ተቆጡ። የልጄን ወሬ ልትከለክይኝ ነው ወይ አሏት። ገበያተኛው ከበበን። መሪጌታን ያስቀየመች ሴት ዘንድ ከእንግዲህ ማን ይመጣል? እኔማ በሆዴ፣ ምናለ ሰክታው ብትገላገል እል ነበር።

እሷ አልተከራከረችም። የራሷን ስልክ አወጣች፣ ሲም ካርዷን ነቅላ የእሳቸውን ከተተችበትና በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ያበጠውን ባትሪ ደግሞ ወስዳ ከቤቷ የሣር ክዳን ርቆ በሚገኝ ድንጋይ ላይ ለብቻው አስቀመጠችው።

መሪጌታ ገና አረፍ ከማለታቸው ስልኩ ጠራ። ጽናት ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ እሷም ደህና ናት። ሽማግሌው አለቀሱ። እኔም መቀሴን እንደያዝሁ አለቀስሁ፤ ያሾፍሁበት አፌም አሳፈረኝ።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ መሪጌታ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ።

«ከቤተ መቅደስ ስትገቡ ጫማችሁን ታወልቃላችሁ» አሉ። «ስልካችሁም ሊሞላ ሲገባ ባናውን ያውልቅ። ሸዋረጋ አልሰካም ያለችውን ማንም እንዳይሰካ።»

ሸዋረጋ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ አቀረቀረች። እኔ ግን አንገቴን ቀና አደረግሁ፤ ጎረቤቴ ናታ።

በሃያ ዓመት ሥራዬ የዚህን ከተማ ቀዳዳ ሁሉ ጥፌአለሁ። አንዱ ብቻ እስከ ዛሬ በሸዋረጋ በር ላይ አለ። እንግዳ ሰው፣ አንተ እያለህ ይህ ባና እንዴት ሳይጣፍ ቀረ ሲለኝ፣ ሥራዬን አቁሜ አስቀምጠውና ታሪኩን ከመጀመሪያው እነግረዋለሁ።