ነፋስ ከኋላ እየገፋኝ አላርፍም

ዘሀራ ሙናዊር ሶማሌ ተራ ተወልዳ ያደገች የሄሊኮፕተር አብራሪ ናት። ጨርቅ አከፋፋዩ አባቷ «ይሄ ደግሞ የሴት ሥራ ነው?» ብለው ብዙ ጊዜ አኩርፈዋታል። እሷ ግን በረራ ተምራ አንድ የግል የበረራ ድርጅት ገባች።

ባለፈው ክረምት የአባቷን ትልቅ ደንበኛ፣ ነጋዴውን ጋሼ ፈርሀትን፣ ወሎ ወደሚገኘው የትውልድ መንደራቸው ይዛ በረረች። የመንደሩ ሰው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳር ተሰልፎ ይጠብቃል። ልታርፍ ቀስ እያለች ስትወርድ ነፋሱ ድንገት ዞሮ ከኋላ መጣ። ሄሊኮፕተሩ መስመጥ ጀመረ፤ ጅራቱም አልታዘዝ አላት። ወዲያው አፍንጫውን ደፋ አድርጋ፣ ፍጥነት ይዛ ተነሳች።

«ምን ሆነሻል? አሳርፊኝ እንጂ!»

«እዚህ አላርፍም፣ ጋሼ።»

በሌላ በኩል ዞራ እንዳትገባ ባሕር ዛፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ስለዚህ ራቅ ካለ የግጦሽ መሬት ላይ፣ ፊቷን ለነፋሱ ሰጥታ አረፈች። ጋሼ ፈርሀት ባማረ ጫማቸው ጭቃ እያቦኩ ወደ ተቀባዮቻቸው ሄዱ።

በሳምንቱ ሽማግሌ ይዘው አባቷ ሱቅ መጡ። «በወገኔ ፊት አዋርዳኛለች፤ ይቅርታ ትበለኝ» አሉ።

«በይ፣ ልጄ፣ ይቅርታ በያቸውና ይለፍ» አሉ አባቷ።

«አልልም፣ አባዬ።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ነፋስ ከኋላ ሲገፋ፣ ከመሬቱ አንጻር የምንሮጥ ይመስላል እንጂ ከአየሩ አንጻር ቆመናል ማለት ነው። በዝግታ ላይ ደግሞ ከፊት የሚመጣ አየር ነው የሚያግዘን። እሱ ሲጠፋ ሞተሩ ብቻውን አይችልም፤ ያውም ደጋ ላይ፣ አየሩ ስስ በሆነበት። ያን ቀን ባርፍ ኖሮ ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁት ለለቅሶ ነበር።»

«እንግዲህ ከዚህ ሱቅ አንድ ጣቃ ጨርቅ አልገዛም!» ብለው ጋሼ ፈርሀት ተነስተው ወጡ። ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው።

«ደንበኛዬን አባረርሽብኝ» አሉ አባቷ።

«በእግራቸው ነው የሄዱት፣ አባዬ፤ በቃሬዛ አይደለም።»

አባቷ ሳያስቡት ሳቃቸው አመለጣቸው።

ጋሼ ፈርሀት ስለከሰሷት ድርጅቱም ይቅርታ እስክትጠይቅ ከበረራ አገዳት። አልጠየቀችም። ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እየለካች ሰነበተች፤ ነገሩን ለጠየቃት ነጋዴ ሁሉ መልሷ ያው የነፋሱ ነገር ነበር። በመጨረሻ አለቃዋ፣ ይቅርታ እንደማትጠይቅ ሲገባው፣ ራሱ ደውሎ «ነይ፣ ሥራሽን ቀጥይ» አላት።

«እመጣለሁ» አለችው። «ግን ነፋሱ ከኋላ ከሆነ አሁንም አላርፍም።»