ስድስተኛው ጥቅልል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ፊልም አላየሁም። ያየሁት የተቀደደ አቡጀዲ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነበር፤ በዲላ ሲኒማ ቤታችን አንድ ተመልካች በፊልሙ ክፉ ሰው ተናዶ ጃንጥላውን ወርውሮ መጋረጃውን አንድ ክንድ ያህል ተርትሮታል። እኔ በዚያው ሰፈር ልብስ እሰፋ ስለነበር ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማቸው አስጠሩኝ።

«ስፌቱ ሳይታይ ልትጠግኚው ትችያለሽ?» አሉኝ።

«ከጀርባ ከሰፋሁት አይታይም» አልኳቸው።

ከጀርባው ቁራጭ ጨርቅ ደግፌ በነጭ ክር ሰፋሁት። በማግስቱ የአንዲት ተዋናይ ጉንጭ ልክ እዚያ ቦታ ላይ አረፈ፤ ስፌቱን ያየ ሰው ግን አልነበረም። አቶ ግርማቸው አላመሰገኑኝም። «ጨርቅ እንዲህ ከጠገንሽ ፊልምም አያቅትሽም» ብለው ቀጠሩኝ።

የፊልም ጥገናን ያሳየኝ ኦፕሬተሩ በቀለ ነው። በሦስት ቀን የሚያውቀውን ጨረሰ።

ፊልም በክብ ቆርቆሮ ታሽጎ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ይመጣል። አንዱ ቆርቆሮ አንድ ጥቅልል ይይዛል፤ ቁጥሩ ክዳኑ ላይና በፊልሙ መነሻ ላይ ተጽፏል። እኔ ጥቅልሉን በእጅ በሚዞር መጠቅለያ ላይ አስሬ፣ ፊልሙን በሁለት ጣቶቼ መካከል እያሳለፍኩ የጎን ቀዳዳዎቹን በዳሰሳ እፈትሻለሁ። የተተረተረውን ቆርጬ አወጣለሁ። ጫፉን በምላጭ ፍቄ፣ ማጣበቂያ ቀብቼ፣ ሌላውን ጫፍ ደርቤ እጫነዋለሁ። ማጣበቂያው ሲበዛ ፊልሙን ያኮማትረዋል። ሲያንስ ፕሮጀክተሩ ውስጥ ይበጠስና አዳራሹ በፉጨት ይናጋል። እኔ የለጠፍኩት ተበጥሶ አያውቅም። ይህን የምጽፈው ልመካበት ነው፤ ሌላ ሰው ሲናገርልኝ አልሰማሁም።

የቆረጥኩትን አልጥልም ነበር። የፊልሙን ስምና የጥቅልሉን ቁጥር በወረቀት ላይ ጽፌ፣ ቁራጩን ጠቅልዬበት ባዶ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ አኖራለሁ። በቀለ «ሴትዮዋ የፊልም ፍርፋሪ ታጠራቅማለች» እያለ ይስቅ ነበር። ልብስ ሰፊ ግን ከሰው ጨርቅ የተረፈውን ለባለቤቱ ሳያሳይ አይጥልም። እኔ ያደግሁት በዚያ ነው።

አንድ ጊዜ ከመጽሐፍ የተሠራ ፊልም መጣ። ማስታወቂያው ላይ ዋናው ተዋናይ በዚህ ሥራው ታላቅ ሽልማት እንዳገኘ ተጽፏል። በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት መምህር ሰይፉ መጽሐፉን ለተማሪዎቻቸው አስተምረውት ስለነበር ክፍሉን ሁሉ ቲኬት አስገዙ። ታሪኩ በገዛ ወንድሙ ላይ የሞት ፍርድ ስለፈረደ ዳኛ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቆርቆሮዎቹን ስቆጥር ሰባት ናቸው፤ የመጨረሻው ላይ ግን ስምንት ተጽፏል። ከአምስት ቀጥሎ ያለው ሰባት ቁጥር ነው። ስድስት የለም። ሄጄ ለአቶ ግርማቸው ነገርኳቸው።

«ሰው የሚመጣው ፊልም ሊያይ ነው፣ ቁጥር ሊቆጥር አይደለም። በአምስት ላይ ሰባትን አስከትሉ» አሉ።

«ታሪኩ ይዘላል እኮ፣ ጌታዬ።»

«እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ መዝለሉን በምን ልታውቂ ነው?»

በቀለ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ፊልሙ እንደዚያው ታየ። ዳኛው ይፈርዳል፤ ባርኔጣውን አድርጎ ከችሎት ይወጣል፤ መብራት በርቶ ጥቅልል ይለወጣል፤ ዳኛው ጸጉሩ ነጭ ሆኖ ሥራውን ለቋል። አብዛኛው ተመልካች የእንግሊዝኛውን ንግግር ስለማይሰማ የሚከታተለው በተዋናዩ ፊት ነው። ያ ፊት ደግሞ ምንም ሳይነግረው ፊልሙ አለቀ።

ሳምንቱን ሙሉ ሲኒማ ቤቱ አጠገብ ባለው ሻይ ቤት ሌላ ወሬ አልነበረም። ከወናጎ የሚመጡት የቡና ገበሬ አቶ ጅሎ፣ አማርኛውን በጌዴኦኛ ዜማ እያወረዱ፣ «የተሸለመው ለዚህ ነው? ባርኔጣ ማድረግና ማውለቅ ከሆነ የኛም ጭቃ ሹም ይሸለም!» አሉ። አንዱ ነጋዴ «ሽልማቱ የጸጉሩ ነው፤ መብራት በርቶ እስኪጠፋ ሸበተ እኮ» አለ። መምህር ሰይፉ ግን አልሳቁም። በመጽሐፉ ውስጥ ዳኛው ፍርዱን ለእናቱ ሊነግር የሚሄድበት ምዕራፍ አለ። የመጽሐፉ ልብ እሱ ነው፤ ፊልም ሠሪዎቹ ጣሉት፤ ደራሲው ሊከሳቸው ይገባል አሉ። ተማሪዎቻቸውንም ፊልሙ መጽሐፉን እንዴት እንዳበላሸ ድርሰት አስጻፏቸው።

ሐሙስ ቀን መምህሩ አቶ ግርማቸውን እዚያው ሻይ ቤት አገኟቸው። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ፊልሙን ቆርጣችሁታል እየተባለ ነው» አሏቸው።

አቶ ግርማቸው በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «መቀስ የያዘችው እሷ ናት። ልብስ ሰፊ አይደለች? የረዘመ ሲመስላት ታሳጥራለች።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አቶ ጅሎም ሳቁ። እኔ በዚያ ከተማ የምኖረው በእጄ ነው። ቆርጣ ታበላሻለች ከተባልኩ ፊልሙ ቀርቶ ለቀሚስ ጨርቅ የሚሰጠኝም አይኖርም።

ተነሥቼ የሻይ ቆርቆሮዬን አመጣሁ። የዚያን ፊልም ወረቀቶች ፈታሁ። ሁለት ቁራጮች ነበሩ፤ ሁለቱ ተቀጥለው አንድ ስንዝር አይሞሉም።

«መምህር፣ ወደ መስኮቱ ያዙትና ይዩት። እናትየዋ እዚህ ውስጥ አለች?»

መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ። «የችሎት ግድግዳ ነው» አሉ።

«ከዚህ ፊልም የቆረጥኩት ይህን ብቻ ነው። ስድስተኛው ጥቅልል ከመጀመሪያውም አልመጣም። አቶ ግርማቸው፣ ቅዳሜ ጠዋት ነግሬዎት ነበር።»

ሳቁ ቆመ። አቶ ግርማቸው ፊታቸው ደም መሰለ። «ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለሽም። መቀሱን አስረክቢ!»

«መቀሱ የራሴ ነው» አልኩ።

መምህር ሰይፉ እውነቱን በእጃቸው ይዘዋል። ያሉኝ ግን «አለቃን በሰው ፊት እንዲህ አይናገሩም» ነው። በቀለ ሻዩን ማማሰል ቀጠለ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ሲወጡ ጠጋ ያሉኝ የሳቁብኝ አቶ ጅሎ ናቸው። «ነገ ጠዋት ቡናዬ የተጫነበት መኪና ፊልሙ ወደመጣበት ወደ ላይ ይወጣል፣ እህቴ። ሹፌሩ አጠገብ ቦታ አለ» አሉኝ።

ዓርብ ማለዳ ተሳፍሬ ፊልሙ ከእኛ በፊት ወደታየበት ከተማ ሄድኩ። የዚያ ሲኒማ ቤት ሰዎች «ሁሉንም አስረክበናል» ብለው ሊመልሱኝ ነበር። መጠቅለያቸው ላይ ግን አንድ ጥቅልል እንደታሰረ አቧራ ለብሷል፤ ቆርቆሮው ሥር ተቀምጦ ምስማር ተሞልቶበታል። የፊልሙን መነሻ ስቤ ቁጥሩን አሳየኋቸው። በነጠላዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ አመጣሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ መስኮት ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሽኩት። የጎን ቀዳዳው በሁለት ቦታ ተበልቷል፤ ጠገንኩት። ከዚያ አቶ ግርማቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

«ማን ላከሽ?» አሉኝ።

«ማንም» ብዬ ወጣሁ።

እኩለ ቀን ሳይሆን በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «በሥራ አስኪያጁ ልዩ ትእዛዝ ሙሉው ፊልም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይታያል።» አዳራሹ ጢም አለ። እኔ በአዳራሹ በር አልገባሁም። በጓሮ ዞሬ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከስፌቴ አጠገብ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ሲያዩት ግራው ቀኝ ነው፤ የሰውን ትንፋሽ ግን ያሰማል።

በስድስተኛው ጥቅልል ዳኛው እናቱ ቤት ይገባል። እናትየዋ ባቄላ ትፈለፍላለች። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ጠርዙን ያዞራል፣ ያዞራል። አፉ ይከፈትና ይዘጋል። እሷ አትጠይቀውም። በመጨረሻ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ባቄላ መፈልፈል ይጀምራል። ሌላ ነገር የለም።

ሻይ ቤቱ እንደገና ተናወጠ። መምህር ሰይፉ «አሁንም መጽሐፉ ይበልጣል። እዚያ እናትየዋ ሁለት ገጽ ሙሉ ትረግመዋለች፤ እዚህ አፏን ለጎሟት» አሉ።

አቶ ጅሎ ኩባያቸውን አስቀመጡ። «መምህር፣ የወንድሜ መርዶ ሲመጣ እናቴ እንሰት ትፍቅ ነበር። መፋቂያውን ከእጇ አልጣለችም። የያዘችውን ፍቃ ጨረሰች። ሽልማቱ ለሴትዮዋ ነበር የሚገባው፤ ለሰውዬው የሰጡት ተሳስተው ነው።»

ነጋዴው ለሁለቱም ይከፈል አለ፤ ሌላው የአምስተኛው ጥቅልል ችሎት ይሻላል አለ። አልተስማሙም። አሁን ግን የሚከራከሩት ስላዩት ነገር ነበር። ያንን ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ።

እኔ ሽልማቱ ለዳኛው ይገባዋል እላለሁ። ሰኞ አቶ ግርማቸው ደጄ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘው ጠርዙን ያዞሩ ነበር።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ ነገ ሌላ ፊልም ይመጣል» አሉ።

«እኔ ሙሉ ነው ሳልል የሚታይ ከሆነ አልመጣም።»

«እሺ፣ አንቺ ሳትዪ አይታይም።»

ይቅርታ አላሉም። ዳኛውም አላለም። ዳኛው ግን ቁጭ ብሎ ባቄላ ፈልፍሏል።

ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ዲላ ውስጥ የጎደለ ፊልም አልታየም። መምህር ሰይፉ በትምህርት ቤታቸው በዓል ላይ ያ ጥቅልል በተማሪዎቻቸው ድርሰት ግፊት እንደመጣ ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አቶ ግርማቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው በልዩ ትእዛዝ አስመጣሁት ይሉ ነበር። ልጆቻቸው ያንብቡት።

ሙያውን ለያዛችሁ የምለው ይህ ነው። ከማሳየታችሁ በፊት ቁጠሩ፤ ከጎደለ ከጠዋቱ ተናገሩ። የቆረጣችሁትን አትጣሉ።