ሦስተኛው ስም

የባሕር ጨው ሽታ የለውም። ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ሰዎች የባሕር ሽታ የሚሉት የበሰበሰ የባሕር ሣርና የዛገ ብረት ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ለቤተ ሙከራችን የተላከውን ዕቃ ልረከብ ከሞጆ ደረቅ ወደብ በመጣው ኮንቴይነር ፊት ቆሜ ሳለሁ፣ ሠራተኛው መቀርቀሪያውን ገልብጦ በሩን ሲከፍተው ለብ ያለ እርጥብ አየር ወጥቶ ፊቴን መታኝ፤ የመረከቢያ ቅጹን ይዤ የት ላይ እንደምፈርም ጠፋኝ። “ዶክተር፣ አመመዎት እንዴ?” አለኝ ሠራተኛው። አላመመኝም። የሃያ አምስት ዓመት ሴት ሆኜ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ አሸዋ ላይ ቆሜ ነበር።

አንቺ የወንድሜ ልጅ ነሽ፤ የምነግርሽ ነገር የአንቺም ነው። ለምን እንዳላገባሁ ቤተሰቡ የየራሱን ግምት ሲያወራ ሰምተሻል። ግምቱ ሁሉ ስሕተት ነው።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ከተማዋም ናዝሬት ትባል ነበር። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ላገባው ያሰብሁት ሰው በአንድ የጭነት መኪናዎች መሥሪያ ቤት ጋራዥ የሚመራ መሐንዲስ ነበር። በየሳምንቱ በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ እየቆመ ዘር መቁጠር የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዥ መሆኑን ያስረዳ ነበር። አነጋገሩ ያማረ ነበር፤ እኔም የወደድሁት በዚያ አነጋገሩ ነው፤ አልክድም።

ጋብቻው ሲነሣ ግን ያሳደገው አጎቱ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ከመቂ መጣ። አጎቱ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ነበር፤ ኮቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር፤ አማርኛውን በገበያ የተማረው በመሆኑ ያለ ዙሪያ ጥምጥም ይናገር ነበር።

“ሰባት ቤት ቁጠሩልን” አለ። “እኛም እንቆጥራለን። ደም ከተገናኘ ጋብቻ የለም፤ ካልተገናኘ እንመርቃለን።”

የራሱን ሰባት አባቶች በኦሮምኛ ትንፋሽ ሳይወስድ ዘለቃቸው። ተራው የአባቴ ሆነ። አባቴ በገበያው አጠገብ ልብስ እየሰፋ የኖረ ዝምተኛ ሰው ነበር። የራሱን ስም ጠራ፤ የአባቱን ጠራ፤ ቆመ።

“ከዚያ ወዲያ ባሕር ማዶ ነው” አለ።

እውነቱን ነው። አያቴን ከተማው ሁሉ የሚያውቀው “ዓረቡ” በሚል ነበር። በወጣትነቱ ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ ስፌት ከፍቶ፣ የአገሩን ሴት አግብቶ ኖረ፤ ልጁንም በእናቱ ሃይማኖት አሳደገ። ስለ ወገኖቹ ግን ለማንም ሳይናገር ሞተ።

“ባሕር ማዶም ሰው አባት አለው” አለ አጎትዬው። “አልቸኰልንም። ፈልጉና ንገሩን።”

እጮኛዬ ሽማግሌዎቹን ሸኝቶ ተመለሰና “ለእሱ ክብር ብዬ እንጂ እኔ በዚህ አላምንም፤ ታውቂያለሽ” አለኝ።

“አውቃለሁ” አልሁት። አላውቅም ነበር።

በእጃችን የነበረው ፍንጭ አንድ ነው፦ ከአያቴ ሣጥን የተገኘ በዓረብኛ የተጻፈ ደብዳቤ። አንድ የቁርኣን መምህር አነበቡልን። ከአሰብ በስተሰሜን በአንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር የምትኖር ሴት ጤንነቱን ትጠይቀዋለች፤ ሌላ ቁም ነገር የለውም። እጮኛዬ የተበላሹ መኪናዎችን ሊያይ ወደ አሰብ ይላክ ስለ ነበር በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር አብረን ልንሄድ ወሰንን። ያልተጋቡ ወንድና ሴት ናቸው ብሎ መንደሩ ሊያወራ እንደሚችል አውቅ ነበር፤ አወራም። አባቴ ግን “ሂጂ፤ የአባቴን አባት አምጪልኝ” ብሎ ፈቀደልኝ።

የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ስሄድ ሊቀ መንበሩ ማኅተሙን በእጁ ይዞ ፈገግ አለ። “ጓዲት፣ መቼም ባሕሩን ልትሻገሪ አይደለም?”

“ባሕር ማየት ወንጀል ከሆነ ጻፍበት፤ ፈርሜ እሄዳለሁ።”

“አቤት ምላስ! ባልሽን እግዜር ይርዳው” አለና መታው።

ከመተሐራ የአገዳ ሽታ በኋላ መሬቱ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። ከአዋሽ ወዲያ የመኪናውን በር እጀታ በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ ካልሆነ አልይዘውም ነበር። በሁለተኛው ቀን ከቀትር በፊት አሰብ ገባን፤ እሱ መኪናዎቹን አይቶ እንደ ጨረሰ የባሕሩን ዳር ይዞ ወደ ሰሜን በሚሄደው መንገድ ወጣን። መንገድ የምለው የጎማ ዱካ ነው። በቀኛችን ውኃው እንደ ቆርቆሮ ያበራል፤ በግራችን ጨው የበላው ሜዳ። ጥቂት እንደ ተጓዝን ላንድሮቨሩ አሸዋ ውስጥ ሰጠመ። አካፋ አልነበረንም፤ አንድ ድስት ነበረን።

“መሐንዲስና ኬሚስት በድስት ክዳን!” እያለ ሣቀ። “አንቺ ቆፍሪ፣ እኔ አመራር ልስጥ።”

“አመራርህን በክበቡ ጠግቤዋለሁ። ቆፍር።”

ቆፈርን። መኪናው ሲወጣ ሁለታችንም አመድ የተነፋብን መስለን ነበር። ጫማዬን አወለቅሁና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ውስጥ ገባሁ። እሱ ከኋላዬ ቆሞ ውኃውን አሻግሮ አመለከተኝ። “ያውልሽ ዘመዶችሽ። እጅሽን አውለብልቢላቸው እንጂ!”

አውለበለብሁ። ለማላያቸው፣ ለማላውቃቸው ሰዎች እጄን አውለበለብሁ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላውቅም። ይህን የምለው ልታዝኚልኝ ሳይሆን ልክ ስለ ሆነ ነው።

ሴትዮዋን ያገኘናት በሰሌን ዳስ ሥር ተቀምጣ ነው። አንድ ዓይኗ ጠፍቷል፤ እጆቿ ሒና ተቀብተዋል። ከባሕር ማዶ ለጋብቻ ተሻግራ የመጣች ናት፤ የወደብ አማርኛ ትናገር ነበር። የማን ልጅ እንደ ሆንሁ ስነግራት አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ።

“የሱ ልጅ ልጅ! ቅንድቡን ወስደሻል። ምነው ከሳሽ? ዓሣ አይበላም እናንተ ጋ? ብዪ፣ አንተም ብላ፤ ባሏ ነህ?”

“ልሆን ነው፣ እማማ” አለ እጮኛዬ፤ “እርስዎ ሰባት ስም ከሰጡን።”

“ሰባት? አሥራ አምስት እሰጥሃለሁ!” አለችና ስሞቹን እንደ መቁጠሪያ አወረደቻቸው። ሰባቱን በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍሁ፤ አጻጻፉ እንዳይሳሳት እያንዳንዱን ደግማ እንድትጠራልኝ አደረግሁ። ከዚያም ከአያቴ ስም ቀጥሎ ያለውን ሦስተኛውን ስም በእርሳሴ ነካ አድርጌ “እንግዲህ የአያቴ አባት እሳቸው ናቸው?” ብዬ ጠየቅሁ።

ሣቀች። ክፋት አልነበረበትም።

“አባቱማ አይደለም፤ የኔ አያት ነው። የገዛው። ልጅ ሆኖ በጀልባ ነው ወደ እኛ የተሻገረው። ከአባቴ ጋር ባንድ ትሪ እየበላ አደገ። አያቴ ሊሞት ሲል ነጻ ነህ አለው፤ ስማችንንም ሰጠው። ደግ ሰው ነበር አያቴ።”

“ከየት ነው የተሻገረው?”

በአገጯ አሳየችኝ። ወደ ባሕሩ አልነበረም። ከትከሻዬ በላይ፣ ከኋላዬ፣ እኛ ወደ መጣንበት ተራራ ነበር።

“ከእናንተው አገር ነዋ! ሌላ ከየት?”

ባሕሩን ፊት ለፊት እያየሁ፣ የምፈልገውን ሰው አገር ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀምጬ ነበር። አያቴ ናዝሬት የመጣ እንግዳ አልነበረም፤ የተመለሰ ሰው ነበር። አገሩ “ዓረቡ” ሲለው ለምን ዝም እንዳለ ለመረዳት ከዚያ ዳስ እስከ መኪናው ያለው እርምጃ በቃኝ። ዓረብን አባትህን ቁጠር የሚለው አልነበረም።

በመመለሻው መንገድ ሚሌ ደረስን። እጮኛዬም መንገዱን እያየ “ሰባቱን ስም አጥኚያቸው” አለኝ።

“አባቶቼ አይደሉም።”

“ማን ይመረምራል? እነ አጎቴ የሚፈልጉት ቁጥሩን ነው።”

“በክበቡ የምትናገረውስ?”

“ክበብ ክበብ ነው። እኔ አንቺን እንዳላጣሽ ነው።”

የረታኝ ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። ልብ በይ፤ አላስገደደኝም። ልዋሽ ተስማማሁ፤ የቀረውን መንገድም ስሞቹን በልቤ እየደጋገምሁ ናዝሬት ገባሁ። ለአባቴ “ሰባቱ ተገኙ” አልሁት፤ ሌላውን አልነገርሁትም። እሱ ኮቱን አስተኰሰ፤ ስሞቹን ከደብተሬ ላይ ሊያጠና ሞክሮ አራተኛው ላይ አንደበቱ ተሳሰረ። “እነዚህ አባቶቼ ስማቸውስ ከባድ ነው” ብሎ በራሱ ሲሥቅ እኔም አብሬው ሣቅሁ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ። “አካም ጅርቱ፣ ደኅና ናችሁ” ብለው ገቡና በአግዳሚው ላይ ተደረደሩ። አባቴ “ልጄ ትቁጠር፤ ለስሞቹ የሷ አንደበት ይሻላል” አለ።

“ሴት ስትቆጥር አይቼ አላውቅም” አለ አጎትዬው። “ግን ዩኒቨርሲቲ የገባችው እሷ ናት፤ ምን ይደረግ? በይ ኢንተላ ኮ፣ በይ ልጄ።”

የአባቴን ስም ጠራሁ። “ዕድሜ ይስጠው” አሉ። የአያቴን ጠራሁ። “ነፍስ ይማር” አሉ። ሦስተኛውን ጠራሁ።

“ነፍስ ይማር” አሉ። አባቴም ባርኔጣውን አወለቀ፤ አንገቱን ደፋ፤ አባቱን ለገዛው ሰው ከልቡ፣ ከሁሉም ዘግይቶ፣ “ነፍስ ይማር” አለ።

በአባቴ እጅ ያለውን ባርኔጣ አየሁ። እጮኛዬ በዓይኑ ቀጥዪ አለኝ።

“ይህ ሰው የአያቴ አባት አይደለም” አልሁ። “ገዢው ነው። አያቴ ዓረብ አልነበረም፤ በልጅነቱ ከዚህ አገር ተወስዶ የተሸጠ ሰው ነው። የቀሩትን አራት ስሞች አውቃቸዋለሁ። አልጠራቸውም።”

 አጎትዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ከየትኛው ጎሣ ነው የወሰዱት?” አለኝ።

“አይታወቅም። ምናልባት ከእናንተው ነው። እናንተ ሰባት ቤት ስትቆጥሩ ጠፍቶ የቀረውንም ልጅ ትቆጥሩታላችሁ? ከናንተ ቤት የጠፋ ልጅ ካለ ዘመዳሞች ነንና ጋብቻ የለም። ከሌለም ንገሩኝ።”

“ስድብ ነው ይሄ?” አለ አንዱ ሽማግሌ።

“ጥያቄ ነው።”

አጎትዬው አልተቆጣም። ዱላውን አነሣና “ጥያቄውን ሰምተናል” ብሎ ተነሣ። አልመረቀም፤ አልረገመምም። እጮኛዬ “ደክሟት ነው፤ የመንገዱ ሙቀት ነው” አላቸውና ተከትሏቸው ወጣ። ስለ ሰው ልጆች እኩልነት በየሳምንቱ የሚናገረው ሰው ያን ቀን የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በትምህርት ቤቱ በር ጠበቀኝ። “ያን ቀን ዝም ብትዪ ኖሮ ዛሬ ባልና ሚስት ነበርን” አለኝ።

“ያን ቀን ዝም ባትል ኖሮም ነበርን” አልሁት። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም።

በተናገርሁት አልጸጸትም። ዛሬም ያንኑ አግዳሚ አምጥተው እነዚያኑ ሽማግሌዎች ቢያስቀምጡልኝ ያንኑ እላለሁ፤ ያጣሁትንም ሁሉ ደግሜ ላጣ ፈቃደኛ ነኝ። የምጸጸተው አባቴ ያን ነገር ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በእንግዶች ፊት እንዲሰማ በማድረጌ ነው። ከሁሉ በፊት ለእሱ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ያን ቀን ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ያልተነካው ምግብ በየሳሕኑ እንዳለ፣ ፀሐይ በበሩ ገብታ ወለሉ ላይ እንዳለች፣ አባቴ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ቁጣውን ጠበቅሁ።

“ስሙ ማን ነበር?” አለኝ።

“የማን?”

“የልጁ። ሳይሸጥ በፊት።”

አልጠየቅሁም ነበር። የገዢዎቹን አምስት ስም ፊደሉ እንኳ ሳይዛነፍ ጽፌ የመጣሁ ሴት ያንን አንዱን አልጠየቅሁም ነበር። በማግስቱ ወደ አሰብ ጻፍሁ፤ መልስ አልመጣም። ሁለተኛው ደብዳቤ ተቀባይዋ መሞቷ ተጽፎበት ተመለሰ።

አባቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጧት ጧት በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ይቀመጥ ነበር። ቀርበሽ ካዳመጥሽ በዝግታ ስም ሲጠራ ትሰሚዋለሽ። የኦሮሞ ስም፣ የጉራጌ ስም፣ የወላይታ ስም፤ ደንበኞቹ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ የሰማውን። “ቶላ” ይላል። “ሻሎ” ይላል። “ጉደታ።” በእያንዳንዱ ስም መካከል ጥቂት ዝም ይላል፤ ርቆ የሚጫወት ልጅ ጠርቶ አቤት እስኪለው እንደሚያዳምጥ አባት።