በፕላስቲክ ሣር የተመረቀ ምሳ

ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ጉርድ ሾላ ወዳለ አንድ ክትፎ ቤት ወሰደኝ። በልተን ልንወጣ ስንል አስተናጋጇ ስልኳን አወጣችና፣ "እስቲ ስለ ምግባችን አንድ ሁለት ቃል በሉን፤ ለገጻችን ነው" ብላ ወደ ፊቴ አስጠጋችው። ክትፎው ጥሩ ነበር። ቆጮው ትንሽ ደረቅ ብሏል። ይህን ማለት ምን ይከብዳል? አፌ ግን ተያዘ። ባለቤቴ ሳቀና፣ "እሷ ምግብ ቤት ውስጥ በልታ እንጂ ተናግራ አታውቅም" አላት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወደ ቤት በታክሲ ስንመለስ ግን፣ አንድ ጊዜስ ተናግሬ ነበር፣ እያልኩ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነበር። የምንኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ካራ ነበር። ያን ጊዜ ካራ ግማሹ መንደር፣ ግማሹ እርሻ ነበር፤ አዲስ ከተሠራ ፎቅ አጠገብ ገብስ እሸት ይይዛል፤ አሸዋ የጫነ መኪና ሲያልፍ ዶሮዎች ይበተናሉ። የእኛ እርሻ ግን ከዚያ በፊት ሄዷል። መንገድ ተብሎ፣ ቤት ተብሎ ከተወሰደ ቆይቷል። አባዬ በሬዎቹን ሸጦ፣ በመሠራት ላይ ያለ ሕንፃ ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። በቀድሞ ማሳው ጫፍ የተከመረ ሲሚንቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም። ይልቅ ወሬ ቀነሰ። ምግብም ቀነሰ። እማዬ ሣህኑን ስታነሳ ግማሹን እንዳለ እያየች፣ "ይሄ ሰውዬ የሚበላው የት ነው?" ትል ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ግርማ ከመገናኛ ካራ የሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ሹፌር ሆኖ የተቀጠረው በዚያ ሰሞን ነው። በደስታው፣ በመስከረም አንድ እሑድ፣ ሁላችንንም ምሳ ጋበዘን። "የኦሮሞ ባህል ምግብ ቤት ተከፍቷል፣ እዚሁ እኛ ሰፈር። አባዬ የእናቱን ቤት ምግብ ቢያገኝ ይበላል" አለ። አባዬ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። እማዬ ጋቢውን ከሣጥን አውጥታ ስታራግፍ ሲያይ ተነሳ።

ቤቱ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ጣሪያው ሣር ክዳን፣ ወንበሮቹ ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ፣ ወለሉ ደግሞ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር የተነጠፈበት። ግድግዳው ላይ ማረሻ፣ የወተት መናጫ ቅልና ቀንበር ተሰቅሏል። እማዬ ከመቀመጧ በፊት ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። አባዬ ቀና ብሎ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ።

"ይሄን ቀንበር ማነው የሰቀለው?"

"ለጌጥ እኮ ነው አባዬ" አለ ግርማ።

"ተገልብጧል።"

"ለጌጥ ነው አልኩህ!"

"ለጌጥስ ቢሆን፣ በሬው በየት በኩል ይግባ?"

ግርማ የምግብ ዝርዝሩን ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። ጩምቦ፣ ያ ቅቤ የጠጣ ወፍራም ቂጣ፣ አለ፣ ገንፎ አለ፣ እርጎ አለ። ጭኮ ሲል እማዬ አቋረጠችው። ጭኮ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በተነጠረ ቅቤ የሚታሽ ነው፤ እኛ ዘንድ ሩቅ ለሚሄድ ሰው ይሰነቃል። "ጭኮ ደግሞ ተቀምጠው ይበሉታል እንዴ? እኛ መንገደኞች ነን?" አለች። ቢሆንም ጭኮና ጩምቦ ታዘዘ። አባዬን ሲጠይቁት፣ "ያላችሁትን" ብቻ አለ።

ምግቡ በእንጨት ገበታ መጣ። ቅቤው ገና ያብለጨልጫል፤ የኮሰረቱ ሽታ ልጅነቴን አስታወሰኝና ምራቄን ዋጥኩ። በቤታችን ልማድ ትልቁ ሰው ሳይመርቅ ማንም እጁን አይሰድም። አባዬ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ከፍ ሲያደርግ አስተናጋጇ መጣች።

"አባባ፣ ትንሽ ይታገሱ። መራቂያችን እየመጡ ነው።"

"ምንሽ?"

"መራቂያችን። በየጠረጴዛው እየዞሩ ነው የሚመርቁት።"

አባዬ እጁን መልሶ ጋቢው ውስጥ ከተተ። ግርማ ስልኩን አወጣ፤ ምርቃቱን ሊቀርጽ።

መራቂው ከኋላችን ነበር የመጣው። ነጭ በነጭ ለብሷል፣ በግራ እጁ ቀጭን ዱላ፣ በቀኝ እጁ አንድ ጭብጥ አረንጓዴ ሣር ይዟል። ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው ማን እንደተቀመጠ አላየም። እኛ ግን አየነው። ኦቦ ደቤላ ነበር።

ኦቦ ደቤላ የማሳ ጎረቤታችን ነበር። በእሱና በእኛ መሬት መካከል አንድ የወሰን ድንጋይ ነበረ። ስምንተኛ ክፍል ስማር፣ አንድ ክረምት አልፎ ድንጋዩ ወደ እኛ በኩል ገባ ብሎ ተገኘ። አባዬ፣ "ደቤላ ገፋው" አለ። ደቤላ፣ "ጎርፍ ገፋው" አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አልሆነም። ከዚያ በኋላ ሰላምታ ቀረ፣ ለቅሶ መድረስ ቀረ፣ ኦቦ ደቤላም ማሳውን በእሾህ አጠረ። ከዚያ ማሳ መሐል የሚያልፈው የእግር መንገድ ነበር ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያወርደው። ሌላው መንገድ በባሕር ዛፉ ጫካ ዞሮ ይሄዳል፤ ሰው የለበትም። አባዬ፣ "ሴት ልጅ ብቻዋን በዚያ አትሄድም። አጥሩ እስኪነሳ ትቆይ" አለ። ቆየሁ። አጥሩ የተነሳው መሬቱ ሲወሰድ ነው፤ የሁለቱም። ያኔ ጓደኞቼ አሥረኛ ክፍል ነበሩ፣ እኔ ሰው ቤት ልብስ ስፌት እለምድ ነበር። ከታናናሾች ጋር ተቀምጦ እንደገና መጀመር ለእኔ ዓይነቷ ዓይን አፋር ከባድ ነበር። ማንም ተመለሺ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ኦቦ ደቤላ ሣሩን ከፍ አድርጎ በኦሮምኛ ጀመረ። ድምፁ እንደ ድሮው ነው፤ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ እንደተባለ ነገር ይንሸራተታል።

"ዝናቡ በጊዜው ይዝነብላችሁ።"

መልሱ 'ሃ ተኡ' ነው፤ ይሁን፣ አሜን እንደማለት። ማንም አልመለሰም። አባዬ ገበታውን ያያል። እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

"ላማችሁ ትውለድ፣ በረታችሁ ይሙላ።"

ግርማ ስልኩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ኦቦ ደቤላ ጆሮውን ወደ እኛ አዘነበለ። ከተማ ያደጉ፣ መመለሻውን የማያውቁ ሰዎች መሰልነው መሰለኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሦስተኛውን ቀጠለ።

"የዘራችሁት ይብቀልላችሁ።"

ልጅ ሆኜ፣ ያልተመለሰ ምርቃት ወደ መራቂው ዞሮ ይጎዳዋል ሲባል ሰምቼ ነበር። ለእሱ አዝኜ ይሁን፣ ፈርቼ ይሁን፣ ዛሬም በደንብ አላውቅም። ብቻ ቃሉ ወጣ።

"ሃ ተኡ።"

ትንሽ ድምፅ ነበረች። የጎን ጠረጴዛ እንኳ አልሰማትም። ኦቦ ደቤላ ግን ቆመ።

"ይቺ የማን ልጅ ናት?"

ለመመለስ አፌን ከፈትሁ፣ ግን ሌላ ቃል አልነበረኝም። እማዬ አባዬን አየችው።

"የእኔ ናት" አለ አባዬ።

የኦቦ ደቤላ እጅ ቀስ እያለ ወረደ። "ቱፋ?"

"አዎ።"

"ቱፋ ራስህ?"

"በእጅህ የያዝከው ሣር" አለ አባዬ፣ "የት በቀለ?"

ኦቦ ደቤላ ሣሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ፕላስቲክ ነበር፤ እንደ ወለሉ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እሱ ዛሬ እንዳወቀ ሁሉ ደጋግሞ ዳሰሰው።

"ወሰናችን ላይ" አለ። "ሌላ የት ይበቅላል?"

እማዬ ነጠላዋ ውስጥ አንድ ሳቅ አመለጣት። አባዬ አልሳቀም። ተነሳ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ አጣፋና በበሩ ወጣ።

"ይኸውልሽ! አበላሸሽው!" አለኝ ግርማ። "ሰውዬው አንድ ቀን ይብላ ብዬ..."

"ተዋት" አለች እማዬ። "አንተም ብትሆን ይቺን ታክል አፍ አልነበረህም።"

ጭኮው ላይ ያለው ቅቤ መርጋት ጀመረ። ከማዶ አስተናጋጇ፣ "አባባ፣ ስድስት ቁጥሮች እየጠበቁዎት ነው!" ብላ ተጣራች። ኦቦ ደቤላ ዞር ሳይል፣ "ይጠብቁ" አላት። ከጠረጴዛችን አልሄደም። ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ እንደቆመ፣ ሰው ቤት ደጃፍ ግባ እስኪባል እንደሚጠብቅ እንግዳ ነበር የሚመስለው።

አባዬ ሲመለስ የጋቢው ጫፍ ረጥቦ ነበር። እጁ ላይ ከነሥሩ የተነቀለ ሣር ይዟል፤ ከአስፋልቱ ዳር ካለው ቦይ ነው፤ ጭቃው ገና ይንጠባጠባል። የፕላስቲኩን ከኦቦ ደቤላ እጅ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ የራሱን በቦታው አስጨበጠው።

"በዚህ ከሆነ እሰማሃለሁ።"

ኦቦ ደቤላ ሣሩን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ከዚያ፣ "ቱፋ፣ ድንጋዩን እኔ አላነሳሁትም" አለ።

"እሱን አልጠየቅሁህም። መርቅ።"

ኦቦ ደቤላ ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጎጠ። ዝናቡን፣ ላሟን፣ አዝመራውን ይላል ብዬ ስጠብቅ አንዱንም አላለም። ለማን ብሎ? አባዬም ላም የለው፣ እሱም ማሳ የለው። ሣሩን ከፍ አድርጎ አንዲት ነገር ብቻ አለ።

"ልጆቻችሁ መንገድ አይጡ።"

"ሃ ተኡ" አለ አባዬ። ድምፁ ጎርነን ያለ ነበር። እማዬም አለች፣ ግርማም አለ። አባዬ ሲመልስ ወደ እኔ አላየም። እኔ ያቺን አልመለስኳትም።

ከዚያ አባዬ ከጭኮው ቆርሶ፣ ጠቅልሎ፣ የቆመውን ሰው አጎረሰው። የቤቱ ሠራተኛ ከእንግዳ ጋር አይበላም መሰለኝ፣ አስተናጋጇ ልትናገር ብላ ተወችው። ኦቦ ደቤላ እያላመጠ ወደ ስድስት ቁጥር ሄደ። ከነጭቃው ሣር ይዞ።

አባዬ የዚያን ቀን በላ። ሲበቃው አስተናጋጇ ፈራ ተባ እያለች፣ "ምግቡ እንዴት ነበር አባባ?" አለችው። "ጭኮው አልተሳካላችሁም፤ ገብሱ ገና ጥሬ ነው" አላት። "ቀንበሩንም ገልብጡት።" እማዬ ልጅቷ እንዳትከፋ፣ "ቅቤው ግን ደህና ነው" ብላ ጨመረች።

ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ ወዳጅ ሆኑ ለማለት ይከብደኛል። ስለ ድንጋዩ ተነጋግረው አያውቁም። ለበዓል ግን ይጠያየቁ ነበር፣ ተቀምጠው ስለ ሰው በሬ ያወራሉ። ኦቦ ደቤላ ሲያርፍ አባዬ ከቀብር ተመላሹን ከሟቹ ልጆች ጋር ቆሞ ተቀበለ።

እኔ አሁን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው የምኖረው። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ከክትፎ ቤቱ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት፣ አባዬ ሊጠይቀኝ መጣ። ዳገቱ አድክሞት ስለነበር ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀምጬ ሻይ አቀረብኩለት። ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ ብሎ ስለነበር፣ "አባዬ፣ ያን ቀን ለምን ሣር ልትነቅል ወጣህ?" አልኩት። የትኛው ቀን ብሎ አልጠየቀኝም።

"አንቺ መልሰሽ እኔ ዝም ብል፣ ከሁለታችን ትልቁ ማን ሊሆን ነው?" አለ። "አፈርኩ።"

ጉልበቴ ላይ አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ነበር፤ ዘጠነኛ ክፍል የምትገባ የጎረቤት ልጅ ቀሚስ። ያ እፍረት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ እኔም ዘጠነኛ እገባ ነበር? አጥሩ ለእኔ ሲባል ይከፈት ነበር? ጥያቄው ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። አባዬ ፊቴን አየኝ። ጢሙ ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዟል።

"ምነው ዝም አልሽ?" አለኝ።

"ምንም" አልኩና ሻይ ጨመርኩለት።