የአስቴር ድምፅና ማጫወቻው

ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ባለው የቀረጻ ስቱዲዮ ሥራ የጀመርኩ ቀን ማይክ እንኳ አልነካሁም። ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ ቀኑን ሙሉ ኬብል ሲያስጠቀልለኝ ዋለ። «እየጠመዘዝሽ ከጠቀለልሽው ውስጡ ይበጠሳል» እያለ ያስፈታኛል። ከዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ ነበር የመጣሁት። ከፋኝ፤ ግን ጠቀለልኩ።

በሦስተኛው ዓመቴ ቀረጻውን እኔ እመራ ጀመር። ያኔ ከጨንቻ አንድ የመዘምራን ቡድን መጣ። ሶሎውን፣ ማለትም ለብቻ የሚዘመረውን ክፍል፣ የምትዘምረው አስቴር የምትባል የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች።

በከፍተኛ ጥራት፣ መጠኑን ለማሳነስ ብለን ፋይሉን ሳንጨምቅ ቀረጽን። ለማድመጥ ስንቀመጥ ግን አስቴር ድምፅዋን ከፍ ባደረገች ቁጥር ይሰነጠቃል። የቡድኑ መሪ ወንድም ማርቆስ ቀረጻውን ደግሜ እንዳጫውት አደረገኝ። ያው ነው።

«እህት አስቴር፣ ድምፅሽ ደክሟል። ሶሎውን ለሌላ እንስጠው» አላት።

እሷም አመነች። «ሰሞኑን ክፍል ውስጥ ስጮኽ ነው የሰነበትኩት» ብላ ጉሮሮዋን ያዘች።

እኔ ግን ስትዘምር ከማይኩ በቀጥታ በጆሮ ማዳመጫ ሰምቻታለሁ። እንከን አልነበረባትም። «እስከ ዓርብ ታገሡኝ» አልኳቸው።

ኬብሉን ቀየርኩ፤ ስፒከሩን ቀየርኩ። ለውጥ የለም። የቀረው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ማጫወቻ ሶፍትዌር ነው። ፋይሉን ሳይነካ ድምፅ ለሚያወጣው የኮምፒውተሩ ክፍል፣ ለድምፅ ካርዱ፣ በቀጥታ የሚሰጥ፣ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነፃ ማጫወቻ አወረድኩ።

ጋሽ ታደሰ ተቆጣ። «ነፃ ነገር ቫይረስ ነው! ኮምፒውተሬን እንዳትገድዪብኝ!»

«ጋሼ፣ የዚህ ኮድ ክፍት ነው፤ ምን እንደሚሠራ ማየት ይቻላል። የድሮው ድምፁ ላይ ምን እንደሚጨምር ግን አናውቅም» አልኩት። እያጉረመረመ ተወኝ።

ሁለት ቀን ጭራሽ ድምፅ አልወጣውም። መመሪያውን መስመር በመስመር አነበብኩ። ለካ ሌላ ፕሮግራም የድምፅ ካርዱን ይዞት ኖሯል! ዘጋሁት። የአስቴር ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። የድሮው ማጫወቻ በራሱ እያጎላ፣ ከፍ የሚለውን ድምፅ ጫፉን ሲቆርጠው ነበር የከረመው።

ዓርብ ዕለት ያንኑ ፋይል በሁለቱም አሰማኋቸው። ወንድም ማርቆስ ወደ አስቴር ዞረ።

«ይቅር በይኝ እህቴ፤ ያለ ጥፋትሽ ፈረድኩብሽ።»

«እኔም በራሴ ላይ ፈርጄ ነበር እኮ» አለች አስቴር፣ እንባዋን እየጠረገች። ሶሎው የእሷ ሆኖ ቀረ።

ለአዲስ ባለሙያዎች የምለው ይህን ነው፦ ድምፅ ሲበላሽ አስቀድማችሁ ማጫወቻውን ፈትሹ። ወደ ዘማሪው የምትሄዱት መጨረሻ ላይ ነው።