ማማዬን አይተው የሚያማትቡ ሰዎች

ለሚዛን ተፈሪ ባሕር ያመጣሁላት እኔ ነኝ። እሺ... ባሕሩን እንኳ አላመጣሁም። ባሕር ዳርቻ ላይ የሚቆመውን ሆቴል ግን በእነዚህ እጆቼ አቁሜላታለሁ። ይህች በማታ ትምህርት ፊደል ከለየሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ ጽሑፍ ናት፤ መምህሬ «አንተስ ደራሲ ነህ» ሊሉኝ ምንም አልቀራቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቡና ነጋዴው ጋሼ ታደለ ከካላንደር ላይ የተቆረጠ ፎቶ ይዘውልኝ መጡ። እንግሊዝ አገር፣ ባሕሩ አፋፍ ላይ፣ በድሮ ንግሥታቸው ዘመን የተሠራ ሆቴል ነው። የበረንዳው እንጨት እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ፣ መስኮቱ እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ውጭ የገፋ፣ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ጫፉ የሾለ ማማ...

«ከዚህ ፎቶ ፀጉር ታህል እንዳትለውጥ!» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ባሕሩስ?»

«ባሕሩን ለእግዜር ተወው። አንተ ሆቴሉን ሥራ!»

ሠራሁ። ምድጃ የሌለው ቤት ላይ የጭስ መውጫው ሳይቀር አቆምኩ። በረንዳው ፈረንጆቹ ጋ ባሕር ያያል፤ እኛ ጋ ባጃጅ ተራውን ያያል። ማማውን የሚስተካከል ግን ከአማን እስከ ሸኮ የለም። አለ የሚል ኮሜንት ላይ ይምጣ።

እናላችሁ ማማው ቆርቆሮ ከለበሰ ጀምሮ መንገደኛው ሁሉ ቀና እያለ ያማትብ ጀመር። ጴንጤ ጎረቤቶቼ ደግሞ አያማትቡም፤ እዚያ ሲደርሱ ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ወዲያው ገባኝ... ሰዉ ቤተ ክርስቲያን መስሎታል! ልቤ አበጠ። ገና ሳይመረቅ ሥራው የሚማተብለት አናጢ ማን አለ?

ጋሼ ታደለ ግን ተቆጡ።

«ሰው እያማተበ የሚያልፈው ቤት ውስጥ ማን ገብቶ ቢራ ይጠጣል? እሑድ ምርቃት ነው፤ ማማው ይፍረስ! እምቢ ካልክ ሌላ አናጢ ያፈርሰዋል። የቴፒውንም ሆቴል እሱ ይሠራዋል።»

የቴፒው ሆቴል ለእኔ ቃል የተገባልኝ ሥራ ነው። ማማው ደግሞ ልጄ በሉት። ሁለቱንም ለማዳን አንድ ዘዴ አሰብኩ፤ በሩ ላይ ቆሜ ለሚያልፈው ሁሉ ሆቴል መሆኑን ልናገር።

ትናንት ጠዋት ቆምኩ። ጋሼም የሚሆነውን ሊያዩ ከኋላዬ ቆሙ። መጀመሪያ የመጡት ገበያ ላይ ቅመም የሚሸጡት እትዬ በላይነሽ ናቸው። ቀና አሉ፣ አማተቡ።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ሆቴል ነው!»

«ሆቴል መሆኑ ይጠፋኛል እንዴ? ምን ነካህ ልጄ!»

«ታዲያ ለምን ያማትባሉ?»

«እንዳይወድቅብኝ ነዋ!»

እሳቸው የቆሙበት ቦታ ሄጄ ቀና አልኩ። ማማዬ... ምሥጢር ሊነግር እንደፈለገ ሰው ወደ መንገዱ ዘሟል። ጴንጤዎቹም ለካ ማዶ የሚሻገሩት ለጭንቅላታቸው ፈርተው ነው!

«ምንድን ነው ይኼ?» አሉ ጋሼ።

አፌ ቀደመኝ። «ጋሼ፣ ፎቶው ላይም ዘሞ ነበር እኮ። ፀጉር ታህል እንዳትለውጥ ስላሉኝ...»

«እስቲ ፎቶውን አምጣው!»

«ዝናብ አበላሸው ጋሼ።»

የሚዛንን ዝናብ የሚያውቅ ይህን አይጠራጠርም። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለካ ጥፋቱ የእኔ ነው። በል አፍርሰህ ቀጥ አድርገህ ሥራው፤ ምርቃቱ ይራዘማል። ለቴፒው ሌላ ፎቶ እፈልግልሃለሁ።»

ዛሬ ማማው ላይ ወጥቼ ቆርቆሮ ሳወርድ ዋልኩ። እትዬ በላይነሽ ሲያልፉ አሁንም አማተቡ፤ ይህችኛዋ ለእኔ ነፍስ መሰለችኝ።

ጋሼ ፌስቡክ ስለሌላቸው አንዲት እውነት ልንገራችሁ... ፎቶውን ዝናብ አልነካውም። ኪሴ ውስጥ አለ፤ ፎቶው ላይ ያለው ማማም እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል።